«ዋንጫውን ማን ይወስዳል?»

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት፣ በፍጻሜው የእግር ኳስ ጨዋታ ዋዜማ፣ በግድግዳ ጋዜጣ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር



 የንግግራችን ርእስ አንድ አጭር ጥያቄ ነው፤ እርሱም ሰሞኑን በየክፍሉ፣ በውሃው ቧንቧ ዙሪያና በሻይ ቤቱ ደጃፍ ሳይነገር የማይውለው «ነገ ዋንጫውን ማን ይወስዳል?» የሚለው ነው። 12ኛ ክፍል ነው ወይስ 11ኛ ክፍል? ብዙዎቻችሁ የክበባችንን አባሎች በመንገድ እያስቆማችሁ፣ «እናንተ ጋዜጣ ጸሐፊዎች ናችሁና ቁርጡን ንገሩን» ብላችሁናል። እኛም ለመናገር ተነሥተናል። ዳሩ ግን መልሱን ከመስጠታችን በፊት፣ ግምት ማለት ምን እንደ ሆነ፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመንና የት ላይ መቆም እንደሚገባው ከእናንተ ጋር እንድንመረምር ትፈቅዱልን ዘንድ እንለምናለን። ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱንም ከንግግራችን መጨረሻ ላይ ሳንሸሽግ እንገልጻለን።

እስቲ በአሳብ ወደ ኋላ ተመልሰን በጥር ወር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንቁም። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር በከተማይቱ ስታዲየም ይደረጋል። የተሰለፉት ቡድኖች አራት ናቸው፤ እነርሱም ኢትዮጵያ፣ ቱኒዝያ፣ ዑጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ እየተባለች ትጠራ የነበረችው ግብፅ ናቸው። ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ግብፅም በበኩሏ ዑጋንዳን 2 ለ 1 አሸነፈች። ስለዚህ ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ዕለት፣ ኢትዮጵያና ግብፅ ለዋንጫው ይገናኛሉ።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ማታ የአንድ ጋዜጣ ጸሐፊ ሆነን «ነገ ማን ያሸንፋል?» ተብለን ብንጠየቅ ምን እንመልስ ነበር? ማስረጃችንን እንቁጠር። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው ውድድር ፍጻሜ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋለች፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ተጫዋች ነበር። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው በሁለተኛው ውድድርም ግብፅ ኢትዮጵያን እንደ ገና 4 ለ 0 አሸንፋለች። በሁለት ጨዋታ 8 ግብ ሲቆጠርብን እኛ አንድም አላገባንም ማለት ነው። ሁለቱንም ዋንጫ የወሰደችው ግብፅ ናት። በሌላው ወገን ደግሞ ጨዋታው በአገራችን ምድር፣ በአገራችን ሕዝብ ፊት፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ከተማ የሚደረግ መሆኑ ለኢትዮጵያ የሚረዳ ነገር ነበር። ሁለቱን ወገን በሚዛን ብናስቀምጥ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ «ግብፅ ታሸንፋለች» ብለን እንጽፍ ነበር። ይህንንም ብንጽፍ ሞኞች አያሰኘንም፤ የነበረን ማስረጃ የሚለው ይህንኑ ነበርና።

የሆነውን ሁላችሁም ከአባቶቻችሁ ወይም ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁታል። በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ ባደዊ አገባ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ቆይቶ፣ ባደዊ ሁለተኛውን አገባ። መደበኛው ጊዜ ሊፈጸም ስድስት ደቂቃ ሲቀረው፣ በ84ኛው ደቂቃ፣ የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት በ101ኛው ደቂቃ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ፣ በ117ኛው ደቂቃ ደግሞ መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ፤ ዋንጫውንም አምበሉ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ቡድኑን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ እርሳቸውም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አንዳንድ ጓደኞቻችን «እንግዲያው ግምት ከንቱ ነው፤ ደካማው ሁልጊዜ ሊያሸንፍ ይችላል» ይላሉ። እኛ ግን ይህን አሳብ አንቀበለውም። በ1949 እና በ1951 ዓ.ም. ግብፅ ታሸንፋለች ብሎ የገመተ ሰው ግምቱ ሁለት ጊዜ ደርሶለታል። ሰው የሚያስታውሰው ያልጠበቀውን ነው፤ እንደ ጠበቀው የሆነውን ግን ወዲያው ይረሳዋል። እንደዚሁም ከ1954ቱ ድል በኋላ «ከእንግዲህ ዋንጫው የእኛ ነው» ያለ ሰው ተሳስቷል፤ ከዚያ ወዲህ ዋንጫው ወደ አገራችን አልተመለሰምና። ግብፅ ግን እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ሰባት ጊዜ አነሣችው። ስለዚህ ማስረጃ ዋጋ አለው። ነገር ግን ማስረጃ የሚናገረው ስላለፈው ነው፤ ነገ የሚጫወቱት ግን ሰዎች እንጂ የትናንቱ ቁጥሮች አይደሉም።

ሁለተኛው ነገር፣ ቁጥርን ከመጥቀስ በፊት ቁጥሩ ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1946 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ በተደረገው የዓለም ዋንጫ የሐንጋሪ ቡድን በምድቡ ምዕራብ ጀርመንን 8 ለ 3 አሸነፈ። ያ ቡድን ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ ሽንፈት ያላየ፣ እንግሊዝንም በገዛ ሜዳዋ በዌምብሌይ 6 ለ 3 ያሸነፈ ቡድን ነበር። ሁለቱ ቡድኖች ሰኔ 27 ቀን በበርን ከተማ ለፍጻሜ ሲገናኙ፣ 8 ለ 3 የሚለውን ቁጥር የሰማ ሁሉ ነገሩ ያለቀ መሰለው። ሐንጋሪም በመጀመሪያዎቹ 8 ደቂቃዎች 2 ለ 0 መራች። ፍጻሜው ግን ምዕራብ ጀርመን 3፣ ሐንጋሪ 2 ሆነ። ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን ያ 8 ለ 3 እንደሚመስለው አልነበረም፤ የጀርመኖቹ አሠልጣኝ በዚያ ጨዋታ ዋና ዋና ተጫዋቾቻቸውን ከሜዳ ውጭ አስቀርተው ነበርና። ከዚህም ሌላ የሐንጋሪው አምበል ፑሽካሽ በዚያው ጨዋታ እግሩን ተጎድቶ ነበር። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነበር።

ስለ ቁጥር ካነሣን ዘንድ፣ የሒሳብ መምህራችንን ጠይቀን የተማርነውን አንድ ነገር እናካፍላችሁ። እግር ኳስ ጥቂት ግብ የሚቆጠርበት ጨዋታ ነው። ግብ ባነሰ መጠን የአንዲት አጋጣሚ ዋጋ ይበልጣል። አንድ ቡድን በአማካይ 2 ግብ የሚያገባ፣ ተጋጣሚው ደግሞ በአማካይ 1 ግብ የሚያገባ ቢሆን፣ ብርቱው ቡድን በጉልበት እጥፍ ነው ማለት ነው። ፖይሶን የተባለው የፈረንሣይ የሒሳብ ሊቅ ባስተማረው ስሌት ብናሰላው ግን፣ እነዚህ ሁለት ቡድኖች 100 ጊዜ ቢጋጠሙ ብርቱው 61 ጊዜ ያህል ያሸንፋል፤ 21 ጊዜ ያህል እኩል ይለያያሉ፤ ደካማው ደግሞ 18 ጊዜ ያህል ያሸንፋል። ይህ 18 ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ ከስድስት ጨዋታ አንዱን ያህላል። የነገው ጨዋታ ከእነዚያ ከ18ቱ አንዱ ይሁን ወይም ከ61ዱ አንዱ ይሁን፣ ጨዋታው ሳይደረግ ማንም ሊያውቀው አይችልም።

«ይሁን እንጂ ሁሉን አስቀድሞ የሚያውቅ አለ» የሚል አይጠፋም። በ2002 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ጊዜ፣ በጀርመን አገር በውሃ ገንዳ ውስጥ ይኖር የነበረ ፓውል የተባለ ኦክቶፐስ፣ ይኸውም ስምንት እጅ ያለው የባሕር እንስሳ፣ ምግብ ከተጨመረባቸው ሁለት ሣጥኖች አንዱን እየመረጠ የስምንት ጨዋታ አሸናፊ በትክክል አመለከተ። ዓለም ሁሉ ተደነቀ። እኛም በጣም ሥቀናል፤ ግን ደግሞ አስልተናል። ሁለት ምርጫ ባለበት ነገር ስምንት ጊዜ በተከታታይ በዕድል መግጠም ከ256 አንድ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው። በዓለም ላይ ብዙ መካነ እንስሳት አሉ፤ በየአንዳንዳቸው የሚገምት እንስሳ ቢቀመጥ ከመካከላቸው አንዱ መግጠሙ አያስደንቅም። ስማቸውን ያልሰማነው የተሳሳቱት ናቸው። ያው ፓውል ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት በአውሮፓ ዋንጫ ጊዜ ከስድስት ጨዋታ የገጠመለት አራቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንድ ጓደኛችሁ «እኔ ሳምንቱን ሁሉ ገጥሞልኛል» ሲላችሁ፣ ያልገጠመላቸውም እንዳሉና ዝም እንዳሉ አስቡ።

ይህንንም ያነሣነው በገንዘብ ስለሚወራረዱት ጓደኞቻችን ብለን ነው። ጨዋታ የሚያውቅና ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን በትክክል የሚገምት ሰው እንኳ ቢኖር፣ ስድስት ጨዋታ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ስድስቱም እንዲገጥሙለት ቢጠብቅ፣ ይህ የሚሆንለት ከ100 ጊዜ 9 ጊዜ እንኳ አይሞላም። የቀረውን ከ91 ጊዜ በላይ ገንዘቡን ያጣል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ ዓይነቱ ሰው የተነገረ ይመስላል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ሦስተኛው ነገር ነው። በ1942 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ በብራዚል ተደረገ። የመጨረሻው ጨዋታ ሐምሌ 9 ቀን በሪዮ ዴ ጃኔሮ በማራካና ስታዲየም በብራዚልና በኡራጓይ መካከል ነበር። ብራዚል ስዊድንን 7 ለ 1፣ እስፓኝንም 6 ለ 1 አሸንፋ ስለ ነበር፣ ዋንጫውን ለመውሰድ እኩል መውጣት ብቻ ይበቃት ነበር። ከጨዋታው በፊት አንድ ጋዜጣ የቡድኑን ሥዕል አውጥቶ የዓለም አሸናፊዎች እነዚህ ናቸው ብሎ ጻፈ። ከ170,000 የሚበልጥ ሕዝብ የመጣው ጨዋታ ለማየት ሳይሆን በዓል ለማክበር ነበር ማለት ይቻላል። ብራዚል በ47ኛው ደቂቃ አገባች፤ ኡራጓይ በ66ኛው አቻ አደረገች፤ በ79ኛውም ደቂቃ ጊጂያ የተባለው ተጫዋች ሁለተኛውን አገባ። ኡራጓይ 2 ለ 1 አሸነፈች።

ግምቱ ስሕተት ነበር ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። የተሳሳቱት ገማቾች ግን «ተሳስተናል» አላሉም። ጥፋቱን የሚሸከም ሰው ፈለጉና ባርቦዛ በሚባለው በረኛ ላይ ጫኑት። ባርቦዛ በጊዜው ከታወቁት በረኞች አንዱ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን በ1992 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ፣ ሃምሳ ዓመት ያህል፣ በዚያች አንዲት ግብ ሲወቀስ ኖረ። ጋዜጣው ያን ያህል ባያስጮኸው ኖሮ፣ ሽንፈቱ ሽንፈት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር ብለን እናስባለን። ሕዝቡ ዋንጫውን እንደ ያዘ አድርጎ ስላሰበው፣ ሲያጣው የተሰረቀ መሰለው፤ የተሰረቀ የመሰለው ሰው ደግሞ ሌባ ይፈልጋል።

ክቡራትና ክቡራን፣ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በመጀመሪያ ላይ ምክንያት አለን ያልነው ይህ ነው።

ባለፈው ዓመት በዚህ ሰሞን፣ ዛሬ 11ኛ ክፍል የሆነው ያኔ 10ኛ ክፍል የነበረው ቡድን አራት ጨዋታ አከታትሎ አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። እኛም በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ፣ በትልልቅ ፊደልና በቀይ ቀለም፣ «ዋንጫው የ10ኛ ክፍል ነው፤ ውጤቱም 3 ለ 0 ይሆናል» ብለን ጻፍን። አራቱ ጨዋታዎች ከማን ጋር እንደ ተደረጉ፣ ሁለቱ ተጋጣሚዎች በፈተና ምክንያት ጎደሎ ሆነው እንደ ቀረቡ አልጻፍንም። «ምናልባት» የምትለውን ቃል አሳብ ውስጥ እንኳ አላስገባናትም፤ ጽሑፋችንን ታቀዘቅዝብናለች ብለን ፈራን። ካፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ጽሑፉ ከግድግዳው ወርዶ በየሰው አፍ ገባ። ተማሪዎች የምሳቸውን ገንዘብ አወራረዱ። ከጓደኞቻችን አንዱ እናቱ ለጫማ መግዣ የሰጡትን ገንዘብ አስያዘ።

በፍጻሜው ቀን ዝናብ ጣለ፤ ሜዳው ጨቀየ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንዲት እርጥብ ኳስ ከበረኛው እጅ አመለጠችና 1 ለ 0 ተሸነፍን። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ይህ በማንም ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ነገር ግን 3 ለ 0 ተብሎ የተነገረው ሕዝብ 1 ለ 0 ሲሸነፍ «ጨዋታውን ሸጠው» አለ። በረኛው ጓደኛችን ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረ። በመጣም ጊዜ ከኋለኛው ወንበር ተቀመጠ፤ በሜዳም በኩል ማለፍ ተወ። እኛ ጋዜጣውን ከግድግዳው ላይ አንሥተን ቀደድነው እንጂ፣ «የተሳሳትነው እኛ ነን» የሚል አንዲት መስመር አልጻፍንም። ይህንን ዓመቱን ሙሉ በሆዳችን ይዘነው ቆየን።

ያ ጓደኛችን ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጧል። ስሙን አንጠራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። የ11ኛ ክፍል በረኛ ጣቱን ስለ ተጎዳ፣ ነገ በዚያ ቦታ እንዲቆም ቡድኑ ለምኖት እሺ ብሏል። ስለዚህ ነገ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት፣ ኳስ እጁን ከመንካቷ በፊት፣ በወላጆቹና በመምህራኑ ፊት እንዲህ እንለዋለን፤ ወንድማችን ሆይ፣ ባለፈው ዓመት የተሳሳተው የእኛ ብዕር እንጂ የአንተ እጅ አይደለም። አንተ ያመለጠችህ አንዲት ኳስ ናት፤ እኛ ግን የማናውቀውን እንደምናውቅ አድርገን ጻፍን። ይቅርታ እንለምንሃለን።

አሁን የተጠየቅነውን እንመልስ። በዚህ ዓመት 12ኛ ክፍል ከአምስት ጨዋታ አራቱን አሸንፎ በአንዱ እኩል ወጥቷል፤ 11 ግብ አግብቶ የተቆጠረበት 3 ነው። 11ኛ ክፍል ሦስቱን አሸንፎ፣ በአንዱ እኩል ወጥቶ፣ በአንዱ ተሸንፏል፤ 7 ግብ አግብቶ 4 ተቆጥሮበታል። ያሸነፈውም 12ኛ ክፍል ነው፤ ውጤቱም 2 ለ 1 ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀን የ11ኛ ክፍል የመሐል ተጫዋች ታሞ አልተሰለፈም፤ ስለዚህ ያን 2 ለ 1 እንደ ሐንጋሪው 8 ለ 3 በጥንቃቄ እንድትመለከቱት እናሳስባለን። በሌላ በኩል ደግሞ የ11ኛ ክፍል በረኛ አንድ ዓመት ሙሉ አልተጫወተም። ይህን ሁሉ መዝነን የምንሰጠው ግምት እንዲህ ነው፤ ሁለቱ ቡድኖች አሥር ጊዜ ለዋንጫ ቢገናኙ 12ኛ ክፍል ስድስቱን፣ 11ኛ ክፍል አራቱን ይወስዳል። ነገ ከአሥሩ የትኛው እንደሚደርስ ግን አናውቅም። ባናውቅም አናፍርበትም፤ ይህን ብናውቅ ኖሮ ወደ ሜዳ መሄድ ምን ያስፈልገን ነበር?

ግምታችን ዛሬ ማታ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ቢገጥምልን አንኮራም፤ ባይገጥምልን ደግሞ በሰኞው ጋዜጣ ላይ፣ በዚያው በትልቁ ፊደልና በዚያው በቀይ ቀለም፣ «ተሳስተናል» ብለን እንጽፋለን። እናንተም በበኩላችሁ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ፣ ድምፃችሁን በሜዳው አድርጉ። ግብ ሲቆጠር ደስ ይበላችሁ፤ ሲቆጠርባችሁም በረኛውን አበርቱት እንጂ አትስደቡት። ጨዋታው በዘጠኝ ሰዓት ይጀመራልና ወላጆቻችን ሁሉ እንድትገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።